በወረቀት ላይ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ላሞች

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙ ወራት ሥራ ከፈለግሁ በኋላ በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። በእጄ ካለፉት መዛግብት አንዱ የባዘኑ እንስሳት ማቆያ መዝገብ ነበር። በከተማው በሲቀላ ሰፈር አስፋልት ላይ ባጃጅና ሚኒባስ እያስቆሙ የሚንከራተቱ ላሞች፣ አህዮችና ፍየሎች በደንብ አስከባሪዎች ተይዘው ወደ ማቆያው በረት ይገባሉ፤ ባለቤት ሲመጣ ፈርሞ ይወስዳል። የእኔ ድርሻ በየሳምንቱ ከበረቱ የሚመጣልኝን መዝገብ ተቀብዬ በየገጹ ግርጌ ማኅተም ማሳረፍ ነበር።

መዝገቡን እወደው ነበር። ጽሕፈቱ የተስተካከለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። በመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል፦ «ለባለቤቱ ተመልሷል።» ከጎኑ ሰማያዊ የጣት አሻራ። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ሆኖም እንዲህ እንከን የሌለው ገጽ እንስሳትና ሰዎች ከሚተራመሱበት ቦታ ሊመጣ እንደማይችል አንድም ቀን አልጠረጠርሁም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። ከሲቀላ ጫፍ የሚኖሩ፣ የአንዲት ላም ወተት ለጎረቤት እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ላሜን ፈልጌ ነው» አሉ። «ቡላ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ተቀዷል። ክብድ ናት፣ ወሯ ገብቷል።»

«በረቱ ሄደው ጠይቀዋል?»

«ሦስቴ ሄድኩ። ዘበኛው ‹እማማ፣ ላምዎ ወጥቷል› ይለኛል። ማን ወሰዳት ስለው፣ ‹ወረቀቱ ቢሮ ነው ያለው› ይላል።»

መዝገቡን ገለጥሁ። ላሟ አለች፤ ቡላ፣ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ። ለባለቤቱ ተመልሷል። በተረካቢው ቦታ የእኚህ ሴት ስም ከነአያታቸው ተጽፏል፤ ከጎኑ ሰማያዊው አሻራ አለ።

ከኋላዬ ግድግዳ ላይ ተገልጋይ ስለ ጉዳዩ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሏል። መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞርሁት። መነጽራቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ስሜንስ ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን ‹ልፈልግልዎ› ብሎኝ ጽፎታል» አሉ። «ይሄ ጣት ግን የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው ይላል፣ እማማ።»

«እኔ እኮ እፈርማለሁ!»

እስክሪብቶዬን ተቀብለው በቁራጭ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን ሳይሰብሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ሲሉ በቤተ ክርስቲያናቸው ፊደል ቆጥረዋል፤ በሴቶች የጸሎት ኅብረት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። መዝገቡን የሞላው ሰው ያረጀ ነጠላና የተሰነጠቀ ተረከዝ አይቶ፣ እንዲህ ያለች ሴት በጣት እንጂ በስም አትፈርምም ብሎ ደምድሟል።

ወደ ኋላ ገለጥሁ። በየገጹ ያው ጣት ነው። መሃሉን አግድም የሚቆርጥ ጠባሳ አለው፤ ያው ጠባሳ በአህያው፣ በፍየሎቹ፣ በጥጃው አጠገብ ሁሉ ተደግሟል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ማኅተም አለ።

ኃላፊዬ ነገሩን ቆሜ ስነግራቸው ከስልካቸው ቀና አላሉም።

«አንተ ምሁር፣ የቀጠርንህ ላም ልትፈልግ ነው እንዴ? ሴትዮዋ በረቱ ውስጥ ካሉት አንዷን ይምረጡና ይልቀቁን።»

ማቆያው ከቢሮዬ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሴትዮዋን ይዤ፣ መዝገቡን በብብቴ አድርጌ ሄድሁ። በሩ ገና ሳይከፈት ከሽታው የተነሳ አፍንጫዬን ያዝሁ። ላሞቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እበትና ሽንት ውስጥ ቆመዋል። ምግባቸው የበሰበሰ የሙዝ ግንድ ነው፤ ውሃቸው አረንጓዴ ሽፋን ያበጀ በርሜል። የአንዱ አህያ ጀርባ ተልጦ ቁስሉን ዝንብ ሸፍኖታል፤ ራሱን ለማራገፍ እንኳ ጉልበት አጥቷል። በቆርቆሮ ጥግ የሞተ ጥጃ ተኝቷል፤ እናቱ አሁንም ትልሰዋለች። መዝገቡን ከፍቼ ከፊቴ ካሉት ጋር አስተያየሁ። በመዝገቡ መሠረት በረቱ ባዶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ሰንብተዋል።

«ጋሼ፣ አፍንጫህን ልቀቀው፣ ይለመዳል» አለኝ ዘበኛው እየሳቀ። «እኛ ምሳችንን እዚሁ ነው የምንበላው።»

አውራ ጣቱን አየሁት። ጠባሳው አለ። ሲያየኝ አልደበቀውም።

«ምን ታየኛለህ? ድሮ ባለቤት ካልመጣ ዓምዱን ባዶ ነበር የምንተወው። ‹ባዶ ዓምድ ያለበት መዝገብ አልቀበልም› ብለህ የመለስከው አንተ አይደለህም? ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ እንሞላልሃለን።»

እውነቱን ነበር። በተቀጠርሁ በሁለተኛው ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ የመለስሁት እኔ ነኝ። ሥርዓት ያስከበርሁ መስሎኝ ኮርቼም ነበር።

«የእማማ ላምስ?» አልሁት።

«ከቢሮ የተላከ ሰው በመኪና ወሰደው። ወተት ፈልጎ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ።» ይህን ካለ በኋላ ጡቷ የሞላ ቀይ ላም በገመድ ስቦ አመጣ። «ይሄን ይውሰዱ እማማ። ጥሩ ወተት አለው። ማንም አይጠይቅዎትም፣ በወረቀት የለም።»

ሴትዮዋ የላሟን አንገት አሹ፤ ጆሮዋን ገልብጠው የባለቤት ምልክት አዩበት። ከዚያ ገመዱን ለዘበኛው መለሱለት።

«የሰው ናት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ባለቤቷ መስኮትህ ላይ ብትመጣ ምን ልትላት ነው? ተመልሳልሻለች ልትላት ነው?»

መዝገቡን ዘጋሁት።

«የኔዋን እንደበሏት ገብቶኛል፣ ልጄ። ግን በልተው ሲያበቁ ‹ባለቤቷ ወሰደቻት› ብለው ጽፈው አይቀሩም። ያንን ገጽ ኮፒ አድርገህ፣ ማኅተም መትተህ ስጠኝ። ፍርድ ቤት እሄዳለሁ።»

ቢሮ ተመልሰን ይህን ስነግራቸው ኃላፊዬ ስልካቸውን አስቀመጡ። «የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነው፤ አይሰጥም!»

«ላም ደግሞ ምን ምስጢር አላት?» አሉ ሴትዮዋ ከበሩ ላይ ሆነው።

ገጹን ኮፒ አደረግሁት። ማኅተም መትቼ ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቤ ማኅተም መምታቴ ነበር። ኃላፊዬ ማኅተሙን በዚያው ሰዓት ነጠቁኝ፤ ከሰዓት በኋላ የጠረጴዛዬም ቁልፍ ተወሰደ።

ቅዳሜ ዕለት ለፍርድ ቤት የምሰጠውን የምስክርነት ቃል ለመጻፍ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ረቂቄ በኃላፊዬና በዘበኛው ነውር የተሞላ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ያማሩ፣ ጸሐፊው ንጹሕ። ደግሜ ሳነበው እንደዚያ መዝገብ ስርዝ ድልዝ የሌለው ሆኖ ታየኝ፤ አስጠላኝና ቀደድሁት። ሁለተኛውን እንዲህ ጀመርሁ፦ «ማቆያው ከቢሮዬ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሲሆን በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ አላየሁትም። ባዶ ዓምድ ያለበት መዝገብ አልቀበልም ያልሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ሴትዮዋ ቤት ወስጄ ሰጠኋቸው። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አንድ ነገር ጎድሏል» አሉ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው። «ላሜ ክብድ እንደነበረች አልጻፍክም።»

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍሁት።