ኮድ ለማን ትጽፋለህ?
ከንፋስ መውጫ እንደወጣን ታጣቂዎች ሚኒባሱን አስቆሙ። አንደኛው ስልኬን ነጥቆ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ኮድ እጽፋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ለማን ትልካለህ?»

«ለሁሉም፤ ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ።»

እኔ ኮድ የምለው ኮምፒውተሩ የብራና መጻሕፍትን ጌጥ፣ ሐረግን፣ እንዲስልልኝ የምጽፍለትን ትእዛዝ ነው። ለእሱ ግን ኮድ የሰላይ ቋንቋ ነበር። በሰደፍ አፌን መታኝ። ስልኬ ላይ ያየውንም የተጠላለፈ ሐረግ «የምሽግ ካርታ!» ብሎ መሬት ላይ የወደቀውን የአንድ እጄን ጣቶች በጫማው ረገጣቸው። አብረውን የተሳፈሩ ቄስ ዳዊታቸውን ገልጠው ያንኑ ሐረግ ባያሳዩት ኖሮ ይጨርሰኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ በደህናው እጄ የዕለቱን ኮድ ጻፍኩ። ሐረጉ ቀይ በቀይ ሆነ፤ እንዳለ ለጠፍኩት።

አንዱ ተከታዬ «ዛሬ ቀይ አበዛህ» አለኝ።

እኔ ነኝ ያበዛሁት?