በሁዳዴ የተፈለገ የጥጃ ደም

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እስከ ትራም ማቆሚያው አብራኝ የመጣች አንዲት ተማሪ የንብ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ማራባት፣ ዘረ መሉንም መለወጥ እንደተቻለ አጫወተችኝ። ኦስሎ በረዶ እየጣለ ነበር። እኔን ግን የናዝሬት አቧራ ዓይኔ የገባ መሰለኝ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ዳር፣ ንብ የሚጠናበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ ዶክተር ታዬ ከንብ እንቁላል ሕዋስ አውጥተው በብርጭቆ ሳህን ለማሳደግ ይደክሙ ነበር። አንድ ቀን የንቡን በሽታ ከዘሩ እናርመዋለን ይላሉ። የፈጣሪን ሥራ መነካካት አይሆንም ወይ እያልኩ በልቤ እፈራለሁ፤ አፍ አውጥቼ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ሕዋሱን የሚያኖረው ከጥጃ ደም ተለይቶ የሚወጣ ጠራ ያለ ፈሳሽ ነው። ከውጭ የመጣው ሲያልቅ ከቄራ እናመጣለን ብለን ተማመንን። ሁላችንም ጾመኞች ሆነን ሳለ፣ በሁዳዴ ቄራው እንደሚዘጋ ያሰበ ሰው አልነበረም። ካድሬው ደግሞ ሥራውን ሊያይ ቀን ቆርጧል። ሕዋሱ ሞቶ ካገኘው ዶክተር ታዬን በአሻጥር እንደሚከሳቸው እናውቃለን።

ፔርሙዝ ይዤ በጋሪ ኦቦ አማን ዘንድ ሄድኩ። ለሙስሊሞች የሚያርዱ ሽማግሌ ናቸው።

"ለጾመኛ ደም ምን ይሠራላታል?" አሉኝ።

ለንብ ነው አልኳቸው።

"ንብ ደም መጠጣት ከጀመረችማ ማሩን እናንተው ብሉት" አሉና እየሳቁ ሞሉልኝ። በዚያ ሐሩር፣ ፔርሙዙን ታቅፌ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ተመለስኩ።

ፈሳሹን ከደሙ ለይተን ሰጠነውና ሕዋሱ ተረፈ። ካድሬው በቀኑ መጣና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

"ንቡ የታለ?" አለ።

"ገና ሕዋስ ነው፣ ጓድ። ግን ሕያው ነው" አሉት ዶክተር ታዬ።

"ሕያው ከሆነ ለምን አይንቀሳቀስም?"

ያኑ ዕለት ዶክተር ታዬ ለአጭር ጊዜ ይፈለጋሉ ተባሉና የካድሬው ሰዎች በላንድሮቨር ወሰዷቸው። ጋዋናቸውን እንኳ አላወለቁም። ይመለሳሉ ብዬ ሳህኖቹን መመገብ ቀጠልኩ፤ መብራት እየጠፋ፣ ሙቀቱ እየወረደ፣ አንድ በአንድ ጠቆሩ። ከፋሲካ በኋላ እኔም ወደ መተሐራ ተዛወርኩ፣ ቆይቶም ከአገር ወጣሁ።

ተማሪዋ የነገረችኝ ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ ሊለኝ ፈልጌ አልሆነልኝም። ያኔ እዚያ የነበራችሁ፣ ዶክተር ታዬ የት እንደደረሱ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ስማቸውን ለካህኑ ስሰጥ ከሕያዋን ጋር ይጠራ ወይስ ከሙታን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።