ዘጠኝ ድምፅ ይዤ ወደ ሐዳይቅ አል-መዓዲ

ዓርብ ጠዋት ከካይሮው ሰፈሬ ከሄሊዮፖሊስ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ የታሸገ ፖስታ ነበረ። በሰፈሩ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ በዕረፍቱ ቀን በዓርብ እንኳ አሠሪ ማዳሞቻቸው የማይለቋቸው የዘጠኝ ጓደኞቼ ድምፅ ነው። የእድራችን የሕግ ተጠሪ የሚመረጠው ዛሬ ነው፤ አሠሪ ፓስፖርት ሲይዝብን፣ አከራይ ሲያስቸግረን ፊት የሚቆምልን ሰው። የቀረ ሰው ድምፁን በታማኝ ይልካል ብለው አደራውን እኔ ላይ ጣሉት።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ወንበሩ ላይ ያሉት ጋሽ ተፈራ ዛሬም ይወዳደራሉ። በደንባችን ላይ ክርክር ሲነሳ የሚፈርዱትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ፖስታው ይቆጠር አይቆጠር የሚሉት ራሳቸው ተወዳዳሪው ናቸው ማለት ነው! እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የምመርጠው ሌላዋን ተወዳዳሪ፣ ሰናይትን ነው። ሰውየው ቀርፋፋ ናቸው።

በሴቶች ፉርጎ

በማይክሮባስ ራምሴስ ደርሼ፣ ቆሜ የጣዕሚያ፣ የተጠበሰ ባቄላ ሳንዱች በላሁና በአሥር ጊኔ የሜትሮ ትኬት ቆረጥኩ። የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ የማውቃትን ሐያትን አገኘኋት። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ካይሮ ተወልዳ ሕግ ታጠናለች። እሑድ ፈተና አለብኝ ብላ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች። ርዕሱ የአሜሪካ ግዛቶች ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። እኛን ምን አገባን ብላት ሳቀችብኝ።

ግን አስረዳችኝ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሰውየውን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ በጥቂቶቹ ገዢው ይሾመዋል። ብዙውን ጊዜ በጥብቅና የቆየ ሰው ነው። ምርጫ ሲደርስ ለአስመራጮች ሕጉ ምን እንደሚል ይነግራል፤ የምርጫ ሕጉ ላይ ክስ ሲመጣ ፍርድ ቤት ቆሞ ይከራከርለታል፤ በብዙ ቦታም ድምፅ ያጭበረበረን ይከሳል።

«ራሱ ሲወዳደርስ?» አልኳት።

«ያኔ የራሱን ጉዳይ ለሌላ ሰው ቢለቅ ነው የሚያምርበት። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ካለቀቀ ማን ያምነዋል?»

ይህን ለጋሽ ተፈራ ንገሪልኝ ብላት፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ራስሽ ንገሪያቸው አለችኝ። ከማር ጊርጊስ ጣቢያ ጀምሬ እስክወርድ ድረስ በልቤ ስለማመደው ሄድኩ።

ስብሰባው

ሐዳይቅ አል-መዓዲ የተከራየነው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሞልተዋል። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በፖስታ የመጣ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ማጉረምረም ተነሳ። ጋሽ ተፈራ አገላብጠው አዩትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተነሳሁ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ተወዳዳሪ ነዎት። ይህን ሌላ ሰው ይፍረደው።»

መሬት ቢውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው፣ «እውነቷን ነው። ሼህ ሰይድ ይዩት» አሉና ወደ ውጭ ወጡ። ሼህ ሰይድ እዚህ የሚያስተምሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብራቸዋል። ለዘጠኙም ስልክ ተደውሎ ወረቀቱ የራሷ መሆኑን እያንዳንዷ ታረጋግጥ ብለው ፈረዱ። አንዷ ልብስ እየተኮሰች መለሰች፤ ሌላዋ ከወጥ ቤት በሹክሹክታ አዎ የኔ ነው፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ማዳም መጣች ብላ ዘጋችው። ብርቄ የምትባለው ግን አታነሳም። ሁለቴ ተደወለ፤ በሦስተኛው አነሳች። እፎይ!

ክፍሉ ውስጥ በተሰጠው ድምፅ ሰናይት በአራት ድምፅ ብልጫ መራች። ከዚያ ፖስታው ተከፈተ። ከዘጠኙ ሰባቱ ለጋሽ ተፈራ! በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። እኔው ተሸክሜ አምጥቼላቸው!

ጋሽ ተፈራ ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሰናይት ደጋፊ እንደሆንሽ አውቅ ነበር። ባትናገሪ ኖሮ ፖስታውን ልጥለው ነበር» አሉኝ። ደነገጥኩም፣ ሳቄም መጣ።

ወደ ቤት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄሊዮፖሊስ ደረስኩ። አደራዬን አድርሼ ልቤ ቀሎኛል። ሰው ሳይፈርድ ገለል ማለቱም ፍርድ እንደሆነ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝና ለብርቄ ደወልኩላት። እኚህን ቀርፋፋ ሰው ምን ብላችሁ መረጣችሁ አልኳት።

«ቀርፋፋስ ናቸው» አለችኝ። «ግን በማንኛውም ሰዓት ስትደውዪ ያነሳሉ።»

እኔ አንድም ቀን ደውዬላቸው አላውቅም።