በሁለቱ ጋቢ መሃል

ነጭ መጥቶ ጥቁሩን የሚያድንበት ፊልም ከተነሳ ዝም ብዬ አላውቅም። ከሩቅ መጥቼ ሮቤ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎቼ ከእኔ የቀሰሙት ሰዋስው ይሁን ቁጣ እርግጠኛ አይደለሁም። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል መነጽሬን አወልቅና «የማን እውነት?» ብዬ እጠይቃለሁ። በጣም የምወዳት ጥያቄ ናት። እሷን ስጠይቅ ድምፄ ራሱ ወፈር ይላል። መነጽሩ ለማንበብ ብቻ መሆኑን ልብ ያለ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የምኖረው ጎባ ነው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ከተማው በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው፤ ዳቦ ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ እኔም። ሲስተር ወሬ አያበዙም። አንዲት ታሪክ ግን አለቻቸው፤ እሷን ያልሰማ ተከራይ ኖሮ አያውቅም።

ገና ወጣት ሳሉ ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም ጋር የሳኔቲን ተራራማ ደጋ በፈረስ አቋርጠው፣ ከተራራው ማዶ ላሉ መንደሮች የትክትክ ክትባት ይዘው ሄደው ነበር። ሐኪሙ ክትባት ሙቀት አይወድም ተብሎ ስለተማረ ሳጥኑን በበረዶ ጠቅጥቆ ነበር የመጣው። ሳኔቲ ላይ ግን ጠላቱ ሙቀት አይደለም። እዚያ ሌሊት በባልዲ ያለ ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤ ያ ክትባት ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት፣ እንደ ጠጠር ለመወርወር እንኳ አይሆን። ሲስተር በረዶውን ደፉት። ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቀለሉና ከደረቧቸው ሁለት ጋቢዎች መሃል አደረጓቸው።

«ገላዬ ላይ አይደለም» ይላሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «ገላ ላይ ይሞቃል። ውጪ ይረጋል። መሃል ላይ ነው። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በእጅ እየዳሰሱ ማገላበጥ አለ።»

ሐኪሙ አገሩ ተመልሶ ትዝታውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፉን ወደ ፊልም የሚለውጡ ሰዎች ጎባ መጡ። አስተርጓሚም አማካሪም የሚሆናቸው ሰው ፈለጉ። «ታሪኩ እውነቱን እንዳይስት» አሉኝ። እኔ ያለሁበት ይስት ይሆን? ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሲስተር በር ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ እኔን ፊልሙ ውስጥ ባያስገቡኝ ግድ የለም» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የምኮራባት ያቺ አንዲት ሌሊት ናት። እሷን እንዳያበላሹብኝ።»

«እርስዎ ይሙቱ፣ አትበላሽም!» ብዬ ማልኩ። አምላክ ይመስገን፣ መሐላዬ የሚደርስ አይደለም፤ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ።

ቀረጻው ሳኔቲ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ጆሮዬን ይዞብኝ ሊሄድ ደረሰ። እኔ ለማስተማር የምለብሳትን ስስ ኮት ነበር የለበስኩት፤ አማካሪ እንዲህ ይለብሳል ብዬ። አዘጋጇ ጨዋ ሴት ነበረች። ስንቀጠቀጥ አየችኝና ከመኪናው ውስጥ ውስጡ በላባ የተሞላ፣ ጀርባው ላይ የፊልሙ ስም የተጻፈበት ጃኬት አውጥታ ሰጠችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ መጣችና ጠየቀችኝ። ብልቃጦቹን ሐኪሙ ራሱ ደረቱ ላይ አቅፎ ቢያድር፣ ነርሷ ደግሞ ፋኖስ ብትይዝለት፣ ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው?

«የማን እውነት?» የምላት እዚያ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተለማመድኳት ለዚያች ደቂቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ይቻላል» አልኩ።

ጃኬቱ ከመልሴ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ማለት እፈልጋለሁ። ብቻ ይህን ስል ዚፑን እስከ አገጬ ስቤው ነበር።

ማታ ሲስተር «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ተነጋግረናል» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለራሴ ብዙ ማስረጃ ሰበሰብኩ። ፊልም ፊልም ነው። አማካሪ ያማክራል እንጂ አይወስንም። ደግሞስ ማን ያየዋል?

ሮቤ አየው። ፊልሙ ተጠናቆ እኛ ዘንድ ሲደርስ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እንዲታይና ውይይት እንዲደረግበት ተወሰነ፤ ውይይቱን የሚመራው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሲስተርን አልጋበዝኳቸውም። ራሳቸው ተሳፍረው መጡ፤ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ መብራት እንዲጠፋ ተሳልኩ። ሮቤ ላይ ይህ ብዙ ስለት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ግን መብራት አንዴ እንኳ ብልጭ አላለም።

ሌሊቷ መጣች። ሐኪሙ ሸሚዙን ከፍቶ ብልቃጦቹን በባዶ ደረቱ ላይ አቀፋቸው። ቫዮሊን ተነፋረቀ። ነርሷ ፋኖሷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እንደ ታቦት ታየዋለች። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ከፊተኛው ረድፍ የሲስተር ድምፅ ተሰማ።

«ወይኔ! ተበላሸ! እዚያ ላይ ካደረገውማ ምኑን ከተበው!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጥፋተኛ ሰው እንዴት እንደሚናገር ማወቅ የፈለገ ያን ቀን እኔን መስማት ነበረበት። እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። መነጽሬን አወለቅሁ፣ መልሼ አደረግሁ፣ እንደገና አወለቅሁ። የእጃችንን ሥራ ነጥቀው ለራሳቸው አደረጉት አልኩ። ለእኛ ፋኖስ ሰጡን አልኩ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ስሜቴ ግሎ ወደ ስክሪኑ ዞሬ «የማን እውነት?» አልኩ፤ በዚህም ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጠሁ።

አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች።

«መምህር፣ ይቅርታ። ጃኬትዎ ላይ የተጻፈው የፊልሙ ስም አይደለም?»

ክረምቱን ሙሉ የለበስኩት ጃኬት ነው። ያን ቀንም ሳላስበው ለብሼው መጥቻለሁ።

«ነው» አልኩ። «አማካሪ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው ተሟግቻለሁ። አልሰሙኝም።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ልጅቷ አላመነችኝም፤ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞራ በኦሮምኛ ጠየቀች።

«ሲስተር፣ ዱጉማ? እውነት ነው?»

ሲስተር ቀስ ብለው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔን አላዩኝም።

«ኤዬ፣ ዱጉማ፣ እውነት ነው» አሉ። «ተሟግቷል። እኔ ምስክር ነኝ።»

አጨበጨቡልኝ። ከሁሉ የማፍርበት ደግሞ ይህ ነው፤ በዚያ ጭብጨባ መሃል ለአፍታ ያህል እውነትም የተሟገትኩ መሰለኝ።

ወደ ጎባ በሚመለሰው ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ዕለት ማታ ‹ተነጋግረናል› ስትለኝ ዓይኔን አላየኸኝም።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉልኝ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ስንዴው ማሳ መለሱ።

«ያም ፈረንጅ ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ያኔ ጠዋት ሲነሳ በበረዶው ነገር አፍሮ አለቀሰ። ሕፃን ነበር፤ አንተን አያህልም። መንደሩ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ‹ይሄ መድኃኒት ያንን ብርድ እንዴት አለፈው?› ብለው ጠየቁ። ‹ዶክተሩ ነው ያሳለፈው› አልኳቸው። እያደር እሱም አመነው መሰለኝ፤ መጽሐፉ ላይ ጻፈው።» ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳ ነበር። እንግዳ በሰው ፊት አይዋረድም። አንተም እንግዳ ነህ።»

አሥራ አንድ ዓመት። በደረቅ ኦሮምኛዬ ገበያ የምከራከርበት፣ ሰዉ ያለ ሰላምታ የማያሳልፈኝ፣ አገሬ ነው የምለው ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ፈረንጅ ጎን አስቀመጡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ፊልም ላይ ሲድን ያየሁት ምስኪን እኔ ሆኜ አረፍኩት፤ ያዳኑኝም በእጃቸው የነበረችውን አንዲት ሌሊት ለሁለተኛ ጊዜ ሰጥተው ነው።

ጃኬቱን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ላደርግላቸው ሞከርኩ።

«ልበሰው» አሉኝ። «ብርድ የማትችለው አንተ ነህ።»

ቤት ስንደርስ፣ በር ላይ፣ እውነቱን ከነስምዎ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ቁልፋቸውን እየፈለጉ መለሱልኝ።

«ስሜን ተወው። ብልቃጡን ግን አስተካክለህ ጻፍ፤ ሰው አንብቦ ክትባት እንዳያበላሽ።»

ይኸው ጻፍኩ። ገላ ላይ አይደለም፣ ውጪም አይደለም፤ በሁለቱ ጋቢ መሃል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በእጅ እየተዳሰሰ። ያደረጉት ሲስተር ናቸው። እኔ «ይቻላል» ያልኩት ሰውዬ ነኝ።