«አትመልስም» ብዬ የጻፍኩባት ሴት

ዛሬ ጠዋት አማርኛ የሚያስቸግራቸው ሶማሌዋ የነርሲንግ መምህራችን፣ ማዳም ሆዳን፣ በገዛ ቋንቋዬ አሳፈሩኝ።

እዚህ በሰው አገር ለልምምድ በምንወጣበት ሆስፒታል፣ ዋራበሌ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ያገሬ ልጅ ተኝታለች። እኔ ደግሞ ማዳም ፊት ጎበዝ ለመምሰል ጥያቄውን ሁሉ በምንማርበት ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ፣ አንበለበልኩባት። (እናቴ ብትሰማኝ እልል ትል ነበር።)

ዝም ስትለኝ ፋይሏ ላይ «ጥያቄ አትመልስም» ብዬ ጻፍኩና የታዘዘላትን መርፌ አነሳሁ።

ማዳም አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እጇን ያዝ አድርገው፣ ከጎረቤት በለቃቀሟት አማርኛ «እህቴ፣ እንዴት አደረ?» አሏት።

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ደህና ነኝ እትዬ። ፔኒሲሊን ብቻ እንዳትወጉኝ፤ አምና ሊገድለኝ ነበር።»

እጄ ላይ የነበረው እሱው ነው።

መርፌውን አስቀምጬ ለማዳም ተረጎምኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «ልጄ፣ የጻፍሽውን አስተካክዪ» አሉኝ በፈረንሳይኛ።

«አትመልስም» የሚለውን ሰረዝኩ። «በሚገባት ቋንቋ አልጠየቅኳትም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ እኔም አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና ስሟን ጠየቅኳት። ዘነበች ትባላለች።

እናንተስ፣ ታማችሁ በተኛችሁበት ከመርፌው በፊት «እንዴት አደራችሁ» ያላችሁ ማን ነበር? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ መስማት እፈልጋለሁ።