እርስ በርስ የተጠባበቁት ወኪሎች

ሴና በንቲ ያደገችው አዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ፣ ከላሞች ጋር ነው። ድሮ የአባቷ ከብቶች የሚሰማሩበት መስክ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ አቶ በንቲ ግን ግቢያቸው ጥግ የቀሯቸውን ጥቂት የወተት ላሞች አለቅም ብለዋል። ወተቱን የሚወስዱት አዲሶቹ ጎረቤቶች ናቸው። ሴና ደግሞ ነፋስ ስልክ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራለች።

ላም ያለው ቤት የሚያውቀው አንድ ጭንቀት አለ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ጊዜዋ አጭር ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አዳቃይ ባለሙያ፣ የሚስማማ የኮርማ ዘር፣ ዘሩን ከነማቀዝቀዣው የሚያደርስ ሞተረኛ ካልተገናኙ ሳምንታት መጠበቅ ነው። እንዲህ ባለ ቀን አቶ በንቲ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ግቢውን ሲዞሩ ይውላሉ። ባለሙያው «ዘሩ ይገኝና እመጣለሁ» ይላል። ዘር ቤቱ «ባለሙያው መምጣቱን ይቁረጥና እናወጣለን» ይላል። ሞተረኛው «ሁለቱ ሲስማሙ ደውሉልኝ» ብሎ ይዘጋል።

ሴና ሥራውን የጀመረችው ይህን እያየች ነው። ከባልደረባዋ ከኤልዳድ ጋር ሆና ለእያንዳንዱ አገልግሎት በኢንተርኔት የሚሠራ፣ በባለቤቱ ስም የሚነጋገር ትንሽ ፕሮግራም አበጀች። ወኪል አሉት። አንዱ የባለሙያዎቹን ውሎ ያውቃል፣ አንዱ ያለውን ዘር፣ ሌላው ሞተረኞቹ የት እንዳሉ። ባለ ላሙ ስልኩን አንዴ ከነካ፣ ቀሪውን እነሱ ተጠያይቀው ይገጣጥሙታል።

የመጀመሪያዋ ተረኛ የአባቷ ላም ቡሬ ሆነች።

«አባዬ፣ ዛሬ ለማንም እንዳትደውል» አለቻቸው።

አቶ በንቲ እንዳሳየቻቸው ስልኩን አንዴ ነክተው ኪሳቸው ከተቱት። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ማንም አልመጣም። ሴና ቢሮ ሆና ወኪሎቹ የተላላኩትን መልእክት ከፈተች። የባለሙያው ወኪል «ዘሩ ከተረጋገጠ እሺ» ብሏል። የዘሩ ወኪል «ባለሙያው ከተረጋገጠ እሺ» ብሏል። የሞተሩ ወኪል ሁለቱን እየጠበቀ ነው። ሦስቱም በጨዋ ደንብ ሲጠባበቁ ቀኑ አልቋል።

«የአባቴን መከራ እኮ ነው ኮምፒውተር ውስጥ የከተትነው» አለች።

«ሰዎቹ የሚሉትን ቃል በቃል አስተማርናቸው» አለ ኤልዳድ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ አባቷን ማየት ፈራች። አቶ በንቲ ግን አልተቆጡም። «ቡሬ እንደሆነች ሌላ ጊዜ ይኖራታል። እኔን ለማሳረፍ ብለሽ ነው የደከምሽው፤ ተዪው አልልሽም» አሉ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበዳት።

ሁለቱ ባልደረቦች የወኪሎቹን የቃል አሰጣጥ ለወጡት። እያንዳንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ «እስከዚህ ሰዓት ይዤልሃለሁ» ማለትን ተማረ። የሁሉም ቃል ሲሟላ ይጸናል፤ ካልተሟላ ሰዓቱ ሲያልፍ ይለቀቃል። አንዱ እምቢ ካለም የቀሩት ሥራውን ሳያፈርሱ ምትክ ይፈልጉለታል። በአንድ ጊዜ አልሠመረም። በሙከራ ላይ ወኪሎቹ ሁለት ሞተረኛ ወደ አንድ በር ሰደዱና ኤልዳድ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ቡሬ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ ሴና ከሥራ ቀርታ አባቷ ጎን ቆመች። የፉሪው ባለሙያ ሌላ ሥራ ላይ ተይዞ ነበር። ሴና ይህን በአባቷ ስልክ ላይ አነበበች። ወዲያው፣ እሷ ምንም ሳትነካ፣ ስልኩ ላይ ያለው ስም ተለወጠ፦ ዶርቃ የምትባል ባለሙያ ከሀና ማርያም እየመጣች ነው።

«ማን ደወለላት?» አሉ አቶ በንቲ።

«ማንም አልደወለም፣ አባዬ። ተነጋግረው ነው።»

«እነማን?»

ሳታስረዳቸው በሩ ተንኳኳ። ዶርቃ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ገባች፤ ዘሩን የያዘው ሞተረኛም ተከትሏት ደረሰ። አቶ በንቲ የቡሬን አንገት ይዘው፣ ቀስ ብለው በኦሮምኛ ያባብሏት ጀመር።

ከወራት በኋላ ዶርቃ ተመልሳ መረመረቻትና «ጽንስ ይዛለች!» አለች። በሳምንቱ የጎረቤታቸው የአማከለች ጊደር ተራ ደረሰና ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ መጣች። ሴና ለማሳየት እጇን ስትዘረጋ አባቷ ቀደሟት።

«ወዲህ በይው፣ እኔ ላሳይሽ» አሉ አቶ በንቲ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «አንቺ የምትነኪው ይቺን ብቻ ነው። ቀሪውን እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል።»