የሕንዱን ፊልም ዜማ ተከትዬ ቁንዝላ

ቅዳሜ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሳይቀድ ከፋሲሎ ሰፈር ወጥቼ ወደ ጀልባው ወረድኩ። ጭነቱ ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ፍየል ነው። እኔ የያዝኩት መርዶ ነው።

አያሌው ዘምቶ ሞቷል። ፋብሪካ አብረን የሠራን፣ አንድ ቤት ተከራይተን የኖርን ጓደኛዬ። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ ጓዱ ሆስፒታል ተኝቶ፣ «በእጄ ቀበርሁት» አለኝ። መንግሥት ለቤተሰብ አይናገርም። እናቱ ከጣና ማዶ ቁንዝላ ናቸው፤ ከእኔ ሌላ የሚነግራቸው የለም።

ገና ከከተማው ሳንርቅ ጀልባ ነጂው ያንን ዜማ ማፏጨት ጀመረ። የአንድ የሕንድ ፊልም መሪ ዜማ ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤታችን የመጣ ጊዜ አያሌው ደጋግሞ አየውና፣ ቋንቋውን ሳይሰማ ዜማውን ይዞ ወጣ። የአማርኛ ግጥም ሰጥቶ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ዘፈነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ ያለ ዘፈኑ ግን ከሹም አቦ እስከ ወረታ ሰርግ አይደምቅም። ነጂውን የማን ዘፈን ነው ብዬ ጠየቅኩት። የድሮ ነው፣ የአገር ነው አለኝ። ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቁንዝላ

ማረፊያው ደንገል ለብሷል፤ የደረቀ ዓሣ ይሸታል። በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አያ ደሴ ሄድኩ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ያላወቅኩት የእናቱ ጎረቤት ልጅ ዛሬ እንደምትዳር ነው።

«ሙሽራዪቱን ያሳደጓት የአያሌው እናት ናቸው» አሉኝ አያ ደሴ። «ሰርጉን አታፍርሰው። እስከ ነገ ቻለው።»

እንግዳ ተደብቆ አይውልምና ዳሱ ውስጥ አስገቡኝ። የአያሌው እናት፣ እማማ የሺ፣ ገና ሲያዩኝ እልል ብለው ተጠመጠሙብኝ። ልጄ ደህና ነው ወይ አሉ። ደህና ነው አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘፋኙ ያንን ዜማ ሲጀምር አስቆሙት። የልጄን ዘፈን ጓደኛው ይዝፈነው አሉ፤ ሰው አጨበጨበ። አያ ደሴን ባይ መሬት መሬቱን ያያሉ። ዘፈንኩ። እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ፤ እሳቸውም እስክስታ ወረዱ። ራሴን እንደዚያ ሰዓት ጠልቼው አላውቅም።

እሑድ ማለዳ

አያ ደሴ ሽማግሌዎቹን ይዘው ቀደሙ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። እማማ የሺ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ መጥረጊያውን ጣሉ። አያ ደሴ «እግዜር ያጽናዎ» ከማለታቸው ጎረቤቱ በለቅሶ ተናጠ። እሳቸው ግን በሽማግሌዎቹ መካከል አልፈው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ትናንት ስትዘፍንልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«በልጄ ሞት አስጨፈርኸኝ» አሉ።

አያ ደሴ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ አልሰሟቸውም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። ለቅሶው ላይ እንዳልቀመጥ ላኩብኝ።

ጀልባው እስኪነሣ ድረስ ለጓደኛዬ ከአጥር ውጭ ቆሜ አለቀስኩለት።